ቀይ የደም ሕዋስ ሲበዛ፦ ደጋው ነው ወይስ በሽታ?

ስለ ደም ማነስ ያልሰማ የለም። ነፍሰ ጡሯ ከጤና ጣቢያ የብረት ኪኒን ይዛ ትመለሳለች፤ ልጅ ገርጣ ሲል እናት ትደነግጣለች፤ ቀይ ሥርና ጎመን ወደ ማዕድ ይቀርባል። የተገላቢጦሹ ግን፣ ማለትም ቀይ የደም ሕዋስ ከልክ በላይ መብዛቱ፣ እምብዛም አይነሳም። እንዲያውም ፊቱ የቀላ ሰው «ወዘናህ ተመለሰ» እየተባለ ይሞገሳል እንጂ «ታመምክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው አያገኝም።

ከደጀን ተነስቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ፣ ሞጣን አልፎ ባሕር ዳር የሚገባው መንገድ ደገኛውን ምሥራቅ ጎጃም ያቋርጣል። ቢቸናም ሞጣም ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆሩ ከተሞች ናቸው። በእነዚህ ከተሞች የደም ምርመራ ያደረገ ሰው ቁጥሩ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ደጋ ስለሆነ ነው» የሚል ሊሆን ይችላል። መልሱ ከፊል እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ግን በቂ አይደለም፤ የዚህ ማብራሪያ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

ቀይ የደም ሕዋስ የሚመረተው በአጥንት መቅኒ ውስጥ ነው። ምን ያህል እንደሚመረት የሚወስነው በዋናነት ኩላሊት ነው። ኩላሊት የኦክስጅን እጥረት ሲሰማው ኤሪትሮፖይቲን የተባለ ሆርሞን ይለቃል፤ መቅኒውም ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ ምርቱን ይጨምራል። ኦክስጅኑ ሲበቃ ሆርሞኑ ይቀንሳል፤ ምርቱም ይረግባል።

ፖሊሳይቴሚያ ቬራ በሚባለው በሽታ ይህ ሥርዓት ይፈርሳል። መቅኒው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ቀይ ሕዋስ ያመርታል፤ ብዙ ጊዜ ነጭ የደም ሕዋሳትና ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም አብረው ይበዛሉ። በሽታውን እ.ኤ.አ. በ1892 መጀመሪያ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ሉዊ ቫኬዝ ሲሆን፣ ዊልያም ኦስለር በ1903 በሰፊው አስተዋውቆታል። መንስኤው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በ2005 በፈረንሳይ፣ በስዊዘርላንድ፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የሚሠሩ የተመራማሪ ቡድኖች በአንድ ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ውጤት ላይ ደረሱ፦ ጃክ2 የተባለው ዘረመል አንዲት ቦታ ላይ ተለውጦ ይገኛል። ዛሬ ከ100 በሽተኞች በ95ቱ ገደማ ይህ ለውጥ እንደሚገኝ ይታወቃል። ለውጡ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ አይደለም፤ በሕይወት ዘመን በአንድ የመቅኒ ሕዋስ ላይ የሚከሰት ነው። ስለዚህ በሽታው ከደም ካንሰር ቤተሰብ ቢመደብም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። ቀይ ጤፍ በመብላትም አይመጣም።

በሽታው ብርቅ ነው። በአውሮፓ አገሮች በዓመት አዲስ የሚያዘው ሰው ከ100,000 ነዋሪ ከ3 ያነሰ ነው። አብዛኞቹ በሽተኞች በ60 ዓመት አካባቢ ያሉ ናቸው፤ ይሁንና ወጣቶችንም ይይዛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለይ። በተለምዶ «ደም ብዛት» የምንለው የደም ግፊትን ነው። ግፊት በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ይለካል፤ የቀይ ሕዋስ ብዛት ግን በላቦራቶሪ ነው የሚታወቀው። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ የግፊት መድኃኒት ግን የሕዋሱን ብዛት አይቀንስም። ስለዚህ «ደምዎ በዝቷል» የተባለ ሰው የትኛው እንደሆነ ይጠይቅ።

የሚያሰጋው የደሙ መወፈር ነው። ቀጭን አጥሚት ከማንቆርቆሪያ በቀላሉ ይወርዳል፤ የወፈረው ግን አፉ ላይ ይይዛል። ደምም እንዲሁ ሲወፍር በጠባብ ሥሮች ውስጥ ይዘገያል፤ ይረጋል። የረጋው ደም አንጎል ውስጥ ከሆነ ስትሮክ፣ ልብ ላይ ከሆነ የልብ ድካምና ድንገተኛ ሞት፣ እግር ላይ ከሆነ እብጠትና ሕመም፣ የጉበት ሥር ውስጥ ከሆነ ሆድ በውሃ መሞላት ያስከትላል።

ደጋው ምን ያህል ይጨምራል?

ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኩላሊት ብዙ ኤሪትሮፖይቲን ይለቃል፤ ደምም ይጨምራል። ይህ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ 4,000 ሜትር አካባቢ የሚኖሩ ወንዶች ሄሞግሎቢናቸው (በቀይ ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር) በዴሲሊትር 19 ግራም አካባቢ ሊደርስ ይችላል። ፔሩያዊው ሐኪም ካርሎስ ሞንሄ በ1920ዎቹ የገለጸው የተራራ በሽታም ከዚሁ ከመጠን ያለፈ ደም የሚነሳ ነው።

የኢትዮጵያ ደገኞች ነገር ግን የተለየ ሆኖ ተገኝቷል። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቿ ጋር ሆና በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለው ቀበሌ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረች። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 ታተመ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። በባሕር ዳርቻ ከሚኖር ጤነኛ ሰው ብዙም አይለይም። የደማቸው ኦክስጅንም በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተለካ። የአማራ ደገኛው አንዲስ ላይ እንደሚኖረው ሰው ደሙን ሳያወፍር ከፍታውን ተላምዶታል ማለት ነው። በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት የአማራና የኦሮሞ ደገኞችን አነጻጽሮ በባሌ ከፍታ የሚኖሩት ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢናቸው ከአማራዎቹ ይበልጥ እንደሚጨምር አሳይቷል። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት አማራው በከፍታ ላይ የሰፈረው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ሲሆን፣ ኦሮሞው ወደ ባሌ ከፍታ የወጣው ግን ከ500 ዓመት ወዲህ መሆኑ ነው።

ይህን ወደ ቢቸናና ሞጣ እናምጣው። ሁለቱ ከተሞች ከአምባራስ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2024 ለረጅም ጊዜ ይጠቀምበት የነበረው ሠንጠረዥ እንኳ 2,500 ሜትር ላይ ለሚኖር ሰው ለከፍታው ይይዝለት የነበረው 1.3 ግራም ብቻ ነበር። የፖሊሳይቴሚያ ጥርጣሬ የሚጀምረው በወንድ ሄሞግሎቢን ከ16.5፣ በሴት ከ16.0 ሲያልፍ ነው። በዚህ ላይ 1.3ቱን ቢጨምሩበት 17.8 እና 17.3 ይመጣል። የሞጣ ወንድ ገበሬ 18.5 ቢሆን ለጋስ በሆነው ስሌት እንኳ ደጋው አያብራራውም። ጮቄ ተራራ ሥር ሆኖም ቢሆን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

በሌላ በኩል አንዴ 16.8 የታየ ወንድ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። አማካይ ማለት ሁሉም አንድ ነው ማለት አይደለምና፣ ከልክ ትንሽ ያለፈ ቁጥር መደገም ነው ያለበት።

ምልክቶቹ

ብዙዎች ምንም ሳይሰማቸው ለሌላ ጉዳይ ተመርምረው ይታወቅባቸዋል። ሲሰማ ግን እንዲህ ነው፦ ራስ ምታት፣ ጭው ማለት፣ ጆሮ ላይ ድምፅ፣ ዓይን ብዥ ማለት፣ ድካም፣ ሌሊት ማላብ፣ የፊትና የዓይን መቅላት። የሪህ ሕመምም ሊኖር ይችላል። በግራ በኩል ከጎድን ሥር ክብደት የሚሰማውና ትንሽ በልቶ የሚጠግብም አለ፤ ጣፊያው ስለሚያድግ ነው።

ከሁሉ የሚለየው ሁለት ምልክት አለው። አንደኛው በሞቀ ውሃ ታጥቦ ሲወጣ የሚነሳ ማሳከክ ነው። ሽፍታ የለውም፤ ቆዳው ላይ ምንም አይታይም፤ ግን ያንገበግባል። ሁለተኛው የእጅና የእግር ጣቶች መቅላትና ማቃጠል ነው፤ ቀዝቃዛ ሲነካቸው ይሻላቸዋል። ሰው ምች ነው ብሎ ቅጠል ይታሻል ወይም አለርጂ ነው ብሎ ቅባት ይቀባል። ሁለቱም ምልክቶች በአንድ ሰው ላይ ከታዩ ግን የደም ምርመራ ይገባል።

ጣፊያ ማደጉ በአካባቢያችን ሌላ ጥርጣሬም ያስነሳል፦ ወባ፣ የቆየ የጉበት በሽታ፣ እንዲሁም ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ የወረደ ሰው ከሆነ ካላዛር። መለያው ቀላል ነው። ካላዛር ቀዩንም ነጩንም ሕዋስ ፕሌትሌቱንም ይቀንሳል፤ ፖሊሳይቴሚያ ቬራ ደግሞ ያበዛል። አንድ የደም ቆጠራ ወረቀት ሁለቱን ይለያቸዋል።

ምርመራው በቅደም ተከተል

የመጀመሪያው ደረጃ ሩቅ መሄድ አይፈልግም። ሲቢሲ የሚባለው የደም ቆጠራ በሆስፒታል ይሠራል። መሣሪያ በሌለበትም ሄማቶክሪት በእጅ ይለካል። ከጣት ጫፍ የወጣው ደም በቀጭን የመስታወት ቱቦ ይሳባል፤ አንደኛው ጫፍ ይደፈናል፤ ቱቦው በፈጣን ማዞሪያ 5 ደቂቃ ያህል ይሽከረከራል። ሲወጣ ከታች ቀዩ፣ መካከል ላይ እንደ ነገሩ የሚታይ ቀጭን ነጭ መስመር፣ ከላይ ቢጫማው ፈሳሽ ተለይተው ይቀመጣሉ። የቀዩ ቁመት ከጠቅላላው ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ ይነበባል። በወንድ ከ49፣ በሴት ከ48 ካለፈ ያጠራጥራል።

የቆጠራው ወረቀት ለምሳሌ እንዲህ ሊል ይችላል፦ ኤችጂቢ (ሄሞግሎቢን) 18.9፣ ኤችሲቲ (ሄማቶክሪት) 57፣ ደብሊውቢሲ (ነጭ የደም ሕዋስ) 13,800፣ ፒኤልቲ (ፕሌትሌት) 610,000። እዚህ ላይ ከፍ ያለው ቀዩ ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል። ደጋና ጭስ ቀዩን ሊጨምሩ ይችላሉ፤ ነጩንና ፕሌትሌቱን ግን እንዲህ አያበዙም። በዚያ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን በተፈጥሮ ነጭ የደም ሕዋሳቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ 13,800 የሚል ቁጥር ያለ ኢንፌክሽን ከታየ ይበልጥ ያነጋግራል።

ሁለተኛው ደረጃ መድገም ነው። ተቅማጥ የያዘው፣ በጾም ውሃ ሳይጠጣ የዋለ ወይም ሽንት የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ፈሳሹ ስለሚቀንስ ደሙ የበዛ ይመስላል። ውሃ ጠጥቶ፣ ተረጋግቶ፣ በሌላ ቀን ይለካ።

ሦስተኛው የሌሎች ምክንያቶች ማጣራት ነው። ጣት ላይ የሚሰካ መለኪያ የደሙን ኦክስጅን በቅጽበት ያሳያል። ኦክስጅኑ ዝቅ ካለ ችግሩ ሳንባ ወይም ልብ ሊሆን ይችላል። ሲጋራ ማጨስ፣ መስኮት በሌለው ማድ ቤት የኩበትና የእንጨት ጭስ ውስጥ ለዓመታት መዋል፣ በዝግ ቤት ከሰል ማንደድ ደሙን ያበዛሉ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ ኩላሊት እጥረት ይሰማዋል። ጡንቻ ለማሳደግ የሚወሰድ የወንድ ሆርሞንም እንዲሁ ነው። የሆድ አልትራሳውንድ ደግሞ የኩላሊትና የጉበት ዕጢን ያሳያል፤ አንዳንድ ዕጢዎች ራሳቸው ኤሪትሮፖይቲን ያመርታሉና። በዚያው የጣፊያው መጠን ይታያል።

አራተኛው ደረጃ ከወረዳ ሆስፒታል በላይ ነው። የኤሪትሮፖይቲን መጠንና የጃክ2 ምርመራ የሚሠሩት ከክንድ በሚቀዳ ደም ነው። የሆርሞኑ መጠን ዝቅ ብሎ ከተገኘ መቅኒው ያለ ትእዛዝ እየሠራ እንደሆነ ይጠቁማል፤ ከፍ ካለ ግን ምክንያቱ ሌላ ቦታ ይፈለጋል። ጃክ2 ከተገኘ ጥርጣሬው ወደ እርግጠኝነት ይቀርባል። ሐኪሙ ካመነበት ከዳሌ አጥንት የመቅኒ ናሙና ይወሰዳል፤ ቦታው በመርፌ ስለሚደነዝዝ ሕመሙ የሚቻል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መስፈርት መሠረት የደም መብዛት፣ የመቅኒ ገጽታና የጃክ2 ለውጥ ሦስቱም ሲገናኙ በሽታው ተረጋገጠ ይባላል። ጃክ2 ካልተገኘ የኤሪትሮፖይቲን ዝቅ ማለት በእሱ ፋንታ ይቆጠራል።

ከቢቸናና ከሞጣ ሪፈር የሚጻፈው ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች ነው፤ ከዚያም ካስፈለገ ወደ አዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ። መንገዱ ረጅም፣ ወጪውም ቀላል ስላልሆነ፣ ሦስቱን የመጀመሪያ ደረጃዎች ቤት አጠገብ ጨርሶ ወረቀቱን ሁሉ ይዞ መሄድ ድካምን ይቀንሳል። አሮጌ የደም ምርመራ ወረቀት አይጣል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ቁጥሩ ስንት እንደነበረ ማወቅ ለሐኪሙ ትልቅ ፍንጭ ነው።

የሚደበቅበት ጊዜ

አንዳንዴ በሽታው እያለ ሄሞግሎቢኑ ደህና ይመስላል። በመንጠቆ ትል፣ በሚደማ የጨጓራ ቁስል ወይም በወር አበባ ብዛት ብረቱ ያለቀበት ሰው መቅኒው ሕዋሱን ቢያበዛም እያንዳንዱ ሕዋስ ትንሽና የገረጣ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ የቀይ ሕዋስ ቁጥር ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ኤምሲቪ (የቀይ ሕዋሱ አማካይ መጠን) ከ80 በታች ከታየ ይህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይታወቅ የብረት ኪኒን ቢሰጠው ደሙ ባንዴ ሊወፍር ይችላል።

ዋግምትም ይደብቀዋል። ራስ ምታቱ የጠናበት ሰው ዋግምት ተደርጎለት «ቀለለኝ» ሊል ይችላል፤ ያ ግን ምርመራውን የሚያዘገይ እፎይታ ነው። የሚወጣው ደም አይለካም፤ ምላጩም ንጹሕ ካልሆነ ኤች አይ ቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል።

ከታወቀ በኋላ

የሕክምናው መሠረት ደም መቀነስ ነው፤ በሆስፒታል፣ በንጹሕ መርፌ፣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ሊትር። ግቡ ሄማቶክሪቱን ከ45 በመቶ በታች ማድረግ ነው። ይህ ቁጥር ከሜዳ የመጣ አይደለም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የጣልያን ጥናት 365 በሽተኞችን ለሁለት ከፍሎ ሲከታተል፣ ከ45 እስከ 50 በመቶ የተተዉት በልብና በደም ሥር የመሞት ወይም ከባድ የደም መርጋት የመግጠም አደጋቸው ከ45 በታች ከተያዙት ወደ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው በቀን ከ81 እስከ 100 ሚሊግራም አስፕሪን ነው። በ2004 የወጣ የአውሮፓ ጥናት በ518 በሽተኞች ላይ ጥቅሙን አሳይቷል። ጨጓራ የሚያደማው ወይም ፕሌትሌቱ ከ1,000,000 ያለፈ ሰው ግን አስፕሪን ሊያደማው ስለሚችል ማንም በራሱ አይጀምረው። ዕድሜው ከ60 ያለፈ ወይም ቀድሞ ደም የረጋበት በሽተኛ ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለ የመቅኒውን ምርት የሚቀንስ ኪኒን ይታዘዝለታል። ነፍሰ ጡር ወይም ልትወልድ ያሰበች ሴት ይህን ኪኒን መውሰድ የለባትም፤ ለሐኪሟ አስቀድማ መንገር አለባት።

በቀድሞው ዘመን ምልክት ታይቶበት ሳይታከም የቀረ በሽተኛ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓመት አይሞላም ነበር። ዛሬ ክትትሉን የማያቋርጥ ሰው ከአሥር ዓመት በላይ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ አልፎ ይኖራል። ከጊዜ በኋላ በጥቂቶች ላይ መቅኒው ሊጠነክር ወይም በሽታው ወደ ከባድ የደም ካንሰር ሊለወጥ ስለሚችል ክትትሉ ዕድሜ ልክ ነው። ሲጋራ ማቆም፣ ግፊትንና ስኳርን መቆጣጠር፣ ውሃ በደንብ መጠጣት የሕክምናው አካል ናቸው።

ለአንባቢ

በቢቸናም ይሁን በሞጣ፣ በወረቀትዎ ላይ ሄሞግሎቢን ከ16.5፣ ለሴት ከ16.0 በላይ ካዩ አይደንግጡ፤ ግን ዝም ብለው አይለፉት። ውሃ ጠጥተው ያስደግሙ። ሁለተኛውም ከፍ ካለ «ዶክተር፣ ነጩና ፕሌትሌቱስ እንዴት ነው? ኦክስጅኔስ ተለክቷል? ጣፊያዬስ?» ብለው ይጠይቁ። «ደጋ ነው» ብቻ ከተባሉ፣ ከቢቸናና ከሞጣ 1,000 ሜትር ከፍ ብለው የሚኖሩት አምባራሶች እንኳ የወንዶቻቸው አማካይ 15.9 መሆኑን ያስታውሱ። ግማሽ ፊት ሲዞር፣ ንግግር ሲተሳሰር፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲዝል፣ ደረት ሲጨነቅ ወይም አንድ እግር ባንዴ ሲያብጥ ደግሞ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።